ሚዲያ፣ ሃይማኖትና ቀኝ ዘመም አምባገነንነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ። ሚዲያና ሃይማኖት ለአምባገነንነት እንዴት ነዳጅ እንደሚሆኑ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ በቴሌግራምም ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ሁሌ በችኮላ ነበር የምመልሰው። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ስጠራ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፣ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ነው።

ቀኝ ዘመም አምባገነንነት ምንድን ነው? እኛ አገር ቀኝና ግራ የለም እኮ።

እውነት ነው፣ ብዙም አልለመድነውም። «ግራ» ሲባል የሚታወሰን የስድሳዎቹ ተማሪዎች ናቸው፣ «ቀኝ ነኝ» ብሎ የመጣብን ፓርቲ ግን የለም። ስለዚህ ስሙን ትተን ጠባዩን እንየው።

ቦብ አልተሜየር የሚባል የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይሄን ነው። ትኩረቱ መሪዎቹ ላይ ሳይሆን ተከታዮቹ ላይ ነበር። ሦስት ጠባይ አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠም አየ። ከላይ ላለው ባለሥልጣን ያለ ጥያቄ መገዛት፤ ባለሥልጣኑ «ጠላት ነው» ያለውን ሰው ለመምታት መቸኮል፤ ከወጋችን የወጣ ሁሉ ብልሹ ነው ብሎ ድርቅ ማለት። «ቀኝ» ያለው ለተተከለ ሥልጣን መገዛትን እንጂ አንድን ፓርቲ አይደለም። በሶቪየት ዘመን ኮሚኒስት ፓርቲው ያለውን ሁሉ አሜን ይል የነበረ ሰውም በእሱ አቆጣጠር እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ወግ መውደድ ብቻውን ማንንም አምባገነን አያደርግም። እናቴ ከጾሙም ከበዓሉም አንድም አታጓድልም። ሰው ስትጠላ ግን አይቻት አላውቅም።

ጎጃም ላለ ሰው ይሄ ምኑ ነው? የፈረንጅ ጉዳይ አይደለም?

የእኛ ጉዳይ ነው። ዱላው ያረፈው እኛ ላይ ነው።

ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን መድፍና አውሮፕላን ብቻ ይዞ አልመጣም። መጀመሪያ የራሱን ሕዝብ ማሳመን ነበረበት። ሬዲዮው፣ ጋዜጣው፣ ሲኒማው ሁሉ በእጁ ነበር። ሉቼ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት የሚያዘጋጀውን የዜና ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ እያንዳንዱ ሲኒማ ቤት የማሳየት ግዴታ ነበረበት። የፍቅር ፊልም ልታይ የገባች ልጅ መጀመሪያ ሙሶሊኒን ማየት አለባት ማለት ነው።

በዚያ ላይ ሃይማኖት ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1935 የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በከተማቸው ካቴድራል ቆመው የጣሊያን ጦር ለኢትዮጵያ የክርስቶስን መስቀል ይዞላት እየሄደ እንደሆነ ሰበኩ። መስቀል ለማን? ላሊበላ ላለባት፣ መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ላሉባት አገር። ይሄን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935 የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለጦርነቱ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና ራሷ ሮም ላይ ቀለበቷን ሰጠች። ወርቁን ለሰጡት ሴቶች በምትኩ የብረት ቀለበት ይሰጣቸው ነበር። የአንገታቸውን የወርቅ መስቀል የሰጡ ጳጳሳትም ነበሩ። ቀኑን «የፌዴ ቀን» አሉት። ፌዴ በጣሊያንኛ የጋብቻ ቀለበት ማለት ነው፣ እምነት ማለትም ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ሰው ይሄን ለመፍታት አስተማሪ አያስፈልገውም። ሰሙ ቀለበት፣ ወርቁ እምነት። ሲያዩት እኮ ያማረ ኅብረ ቃል ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 23፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ያረፈው ራስ እምሩ በሚመሩት ጦር ላይ ነው። ራስ እምሩ ያኔ የጎጃም ገዥ ነበሩ፣ ይዘውት የዘመቱትም የጎጃምን ጦር ነው። እጅ፣ እግርና ፊቱ የተላጠው ገበሬ ከዚህ ከእኛ መንደር የሄደ ነው። ሮም ላይ ቀለበቷን ያወለቀችው ሴት ግን ይሄን አላየችም፣ ምክንያቱም ያ የሲኒማ ዜና አያሳያትም፣ ቄሷም አይነግራትም። እሷ ለእምነቷ ብላ ነው የሰጠችው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ለካቶሊኩ «የመስቀል ጦርነት ነው» ያለው ያው መንግሥት በባሪ ሬዲዮ በዓረብኛ ሌላ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1937 ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ ጦሩ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። ሰውዬው ለክርስትናም ለእስልምናም ግድ አልነበረውም። የሚፈልገው የሚታዘዝ ሰው ነበር።

ታዲያ ጥፋተኛው ሃይማኖት ነው?

አይደለም። አማኝ ነኝ፣ እንዲህ ብዬም አላምንም። አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። ጣሊያን የፈለገባቸው ነገር ከባድ አይመስልም ነበር፦ አርበኞቹን ያውግዙ፣ ሕዝቡን ተገዛ ይበሉት። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ።

ልዩነቱ የት እንደሆነ ለማየት ሁለት የሬዲዮ ሰባኪዎችን ላነጻጽር። ሁለቱም የካቶሊክ ካህናት ናቸው።

አንዱ አባ ቻርልስ ኮግሊን፣ አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ1926 ዲትሮይት አጠገብ ሬዲዮ ላይ መስበክ ጀመረ። በ1930ዎቹ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እሑድ እሑድ ይሰማው ነበር። አነሳሱ መጥፎ አልነበረም። ኢኮኖሚው ወድቋል፣ ሰው ሥራ አጥቷል፣ እሱም ስለ ድሃው ይናገራል። እያደር ግን ለዚያ እውነተኛ ሕመም የውሸት ተጠያቂ አመጣ፣ አይሁድን። በ1938 አይሁድ ዓለምን ለመግዛት ያሴሩበት ነው የተባለውን፣ የተፈበረከ መሆኑ አስቀድሞ የተጋለጠውን ሰነድ በራሱ ጋዜጣ አተመ። በ1942 ጳጳሱ ከፖለቲካው እንዲወጣ አዘዙት።

ሌላው የኤል ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ናቸው። እሳቸውም እሑድ እሑድ ስብከታቸው በቤተ ክርስቲያኗ ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። በየሳምንቱ የተገደሉትንና የጠፉትን ሰዎች ስም ያነባሉ። ሬዲዮ ጣቢያው በቦምብ ተመታ። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1980 ወታደሮቹን በእግዚአብሔር ስም ግድያውን አቁሙ አሉ። በማግስቱ ቅዳሴ ላይ እያሉ ተገደሉ።

ሁለቱም ሬዲዮ ነበራቸው፣ ሁለቱም መስቀል ነበራቸው። ኮግሊን የሚመታ ሰው ጠቆመ፣ ሮሜሮ የተመታውን ሰው ስም ጠሩ።

ሚዲያው ታዲያ እንዴት ነው ለአምባገነንነት ነዳጅ የሚሆነው? ዝም ብሎ ወሬ አይደል የሚያወራው?

ቁጣ ይሸጣል። ዋናው ነገር ይሄ ነው። የተናደደ ሰው ቻናል አይቀይርም፣ የፈራ ሰውም አይተኛም። እናም ሰውን ፈርቶና ተናዶ እንዲቆይ ማድረግ ለባለ ጣቢያው ገንዘብ ነው፣ ለፖለቲከኛው ድምፅ ነው።

አሜሪካን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ የተለያየውን ወገን ሐሳብ እንዲያሰሙ የሚያዝ ደንብ ነበር። በ1987 ተነሳ። በዓመቱ የቀኝ ዘመሙ የሩሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ፣ በ1996 ደግሞ ፎክስ ኒውስ የሚባለው የቀኝ ዘመሞች ቴሌቪዥን ተከፈተ። በጎን የቴሌቪዥን ሰባኪዎች ፖለቲካ ውስጥ ገብተው ነበር። ጄሪ ፋልዌል የሚባለው ሰባኪ በ1979 «የሞራል ብዙኃን» የሚል ድርጅት አቋቁሞ አማኙን ወደ ምርጫ አወጣ። አማኝ ይምረጥ፣ መብቱ ነው፣ እኔም እመርጣለሁ። ችግሩ የመጣው ምርጫው የሐሳብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእግዚአብሔርና የሰይጣን ጦርነት ተደርጎ ሲነገር ነው። ከሰይጣን ጋር ድርድር የለማ! ከሰይጣን ጋር ምርጫ ተሸንፎ ሥልጣን ማስረከብም የለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ትራምፕ የተሸነፉበት ምርጫ ተሰርቋል ብለው የአሜሪካ ምክር ቤትን ሰብረው ከገቡት ውስጥ አዳራሹ ላይ ቆመው በኢየሱስ ስም የጸለዩ ነበሩ። ፌዘኞች አይደሉም። ከልባቸው ነው የጸለዩት። አስፈሪው ይሄ ነው።

ምርጫው ተሰርቋል የሚለውን ወሬ ያሰራጨው ጣቢያስ ያምንበት ነበር? ዶሚኒየን የሚባለው የድምፅ መስጫ ማሽን ኩባንያ ፎክስን ከስሶ የውስጥ መልእክቶቹ ሲወጡ፣ አንዳንዶቹ አቅራቢዎችና አለቆች ወሬውን ራሳቸው እንደማያምኑት ታየ። ታዲያ ለምን አስተላለፉት? ተመልካቹ ወደ ሌላ ጣቢያ እንዳይሄድ ፈርተው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፎክስ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ።

ወደ እኛ ስልክ ስንመጣ፣ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣዋን ፊት ጨምሮ ለስሜት ምልክቶቹ ከላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ እንደነበር የውስጥ ሰነዶቹ ከወጡ በኋላ ታውቋል። ሰነዶቹን ያወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። እኛ ስንሰዳደብ አንድ ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር «ይሄ ጥሩ ነው፣ ለሌሎችም አሳይ» እያለ ነበር ማለት ነው።

ሩሲያ ኦርቶዶክስ ናት። ፓትርያርኳ ከመንግሥቷ ጎን ቢቆሙ ምን ክፋት አለው?

ይሄን ጥያቄ ካህናትም ጠይቀውኛል፣ በአክብሮት ልመልስ። መጀመሪያ፣ እነሱና እኛ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከተለያየን ከ1500 ዓመት በላይ ሆኖናል፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ አይደለንም። ግን እሱ ይቅር። ፓትርያርክ ኪሪል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ግዴታውን ሲወጣ ጦር ሜዳ የሞተ ወታደር ኃጢአቱ እንደሚታጠብለት ሰበኩ። ልብ በሉ፣ ወደ ዩክሬን የሄደው ወታደር የሚገጥመው ያው የራሱን እምነት የሚያምን ኦርቶዶክስ ነው።

ሦስት መቶ የሚጠጉ የሩሲያ ካህናት ጦርነቱ ይቁም ብለው ፈርመዋል። አንድ የሞስኮ ቄስ ደግሞ ፓትርያርኩ ባዘዙት ጸሎት ውስጥ «ድል» የሚለውን ቃል «ሰላም» ብሎ ስለጸለየ በ2023 ከክህነቱ ተሻረ። አንዲት ቃል ናት! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ሰላም ለኩልክሙ» እየተባለ ሰላም ማለት ወንጀል ሲሆን፣ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያዘው ሌላ ሰው ነው።

ምርጫ ባለበት አገር ይሄ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ሃንጋሪን እዩ። ቪክቶር ኦርባን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ዳግም የመጣው በምርጫ ነው። ጋዜጠኛ በገፍ አላሰረም፣ ጣቢያ በታንክ አልከበበም። ወዳጅ ባለሀብቶች ሚዲያዎቹን ገዙ፣ በ2018 ደግሞ ከ400 በላይ ሚዲያዎችን ለአንድ ፋውንዴሽን በነጻ አስረከቡ። ከዚያ ገጠር ያለ ሰው የትኛውንም ቢከፍት የሚሰማው አንድ ወሬ ሆነ፦ ክርስቲያን አውሮፓን የሚጠብቃት እሱ ብቻ ነው።

ሩዋንዳንስ እዚህ ውስጥ ትቆጥራታለህ?

እቆጥራታለሁ፣ ባጭሩ ግን። ሬዲዮ ሚል ኮሊን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀምር ዘፈን የሚያሰማ፣ ቀልድ የሚያወራ፣ ወጣት የሚወደው ጣቢያ ነበር። በ1994 «በረሮዎች» እያለ የሚገደሉትን ይጠቁም ነበር። በመቶ ቀን ውስጥ 800,000 ገደማ ሰው አለቀ። ንያማታና ንታራማ ላይ ሰው የታረደው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ያድነኛል ብሎ ሸሽቶ ገብቶ። ሰውን በነፍሳት ስም መጥራት ስትሰሙ፣ የሚጠራው ማንም ይሁን፣ ያን ሬዲዮ ዝጉት።

ስልኬ ላይ የሚያስደነግጥ ቪዲዮ ሲላክልኝ ምን ላድርግ?

የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ በጣም የማከብራቸው ጋሼ አሉ። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው እየተንቀጠቀጡ መጡ። ቤተ ክርስቲያን ሲነድ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። «ትናንት ነው፣ እነ እንትና ናቸው» አሉኝ። ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማነው። ከኋላ የሚጮኹት ሰዎች የሚናገሩት አማርኛም አይደለም፣ እኛ አገር የሚነገር ቋንቋም አይደለም። ሕንጻውም የእኛ አይደለም። ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ለስንት ሰው እንደላኩት ቆጠሩ፣ አሥራ አንድ ነበር። እዚያው ተቀምጠው አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ደወሉላቸው። «ተሳስቻለሁ፣ አጥፉት» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የበለጠ ነው የማከብራቸው።

እኔ የማደርገው የቅኔ ቤቱን ነው። ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ የኔታ ዝም ብለው «ግሩም» አይሉትም። ሰሙን አውጣ፣ ወርቁን አውጣ፣ ምሥጢሩ የት አለ ብለው ይጠይቁታል። ቪዲዮውም እንደዚያ ይጠየቅ። የት ነው? መቼ ነው? ድምፁ የማን ነው? የላከልኝ ሰው ራሱ ከማን አገኘው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ይሄን አይቼ ምን እንዳደርግ ነው የተፈለገው? መልሱ «እገሌን ጥላ» ብቻ ከሆነ ወርቁ እሱ ነው።

ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ ይቆማል የሚሉ አሉ። አይቆምም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየነው ነው። ወሬው በስልክና በዲሽ መጣ፣ የቆመው ማጣራቱ ነው። ከውጭ የሚደውል ዘመድ ስለ ሰፈራችን ለእኛ ይነግረን ነበር።

አባቴ ቀኑን ሙሉ አንድ የዩቲዩብ ሰባኪ ነው የሚሰሙት፣ ሰውዬው ጥላቻ ነው የሚሰብከው። ምን ልበላቸው?

ሰው ፊት አትከራከሩ። አባት በልጁ ፊት ከተረታ ሰባኪውን የባሰ ነው የሚይዘው። አብራችሁ ተቀመጡና ስሙ፣ ከዚያ ጠይቁ። «አባዬ፣ ይሄ ሰው እዚህ ሰፈር ያለችውን ሙስሊሟን ጎረቤታችንን ጭምር ነው የሚለው?» በሉ። ያቺ ጎረቤት ልጃቸው ሲሞት ለቅሶ የተቀመጠች፣ በዓል ሲሆን የምትጠይቃቸው ሴት ናት። ሰባኪው የሚያወራው ስለ ብዙኃን ነው፣ አባታችሁ የሚያውቁት ግን ሰው ነው። ወደሚያውቁት ሰው መልሷቸው። በአንድ ቀን አይሆንም። ከኔ አጎት ጋር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም አልጨረስንም።

የሌላውን ጥፋት ትዘረዝራለህ። የራሳችን ወገን ሲያደርገውስ?

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ለመመለስም የሚከብደኝ እሱ ነው።

አቡነ ጴጥሮስን ጠርቻለሁ። ከእሳቸው ጋር በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተቀበሉት አንዱ አቡነ አብርሃም ነበሩ፣ የጎጃም ጳጳስ፣ የእኛ ጳጳስ። ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ተለይታ የቆመች ያላትን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሳቸውን ነው። ያረጁ ሰው ነበሩ። ምን ፈርተው፣ ምን ተብለው፣ ማንን ለማትረፍ ብለው እንደተቀበሉ አልፈርድም፣ ያኔ እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅምና። ነገር ግን ሆኗል። በአንድ ዓመት የተቀቡ ሁለት ጳጳሳት ናቸው፣ አንዱ በጥይት ተገደሉ፣ አንዱ ሹመት ተቀበሉ።

ስለዚህ «የእኛ አባት ናቸው፣ የእኛ ጣቢያ ነው፣ የእኛ ልጅ ነው» ሲባል ጥያቄውን አልተውም። እንዲያውም የእኔ ወገን ሲሆን ነው የበለጠ የምጠይቀው፣ ምክንያቱም ሌላው ሲዋሸኝ እጠረጥረዋለሁ፣ የራሴ ሲዋሸኝ ግን እወድለታለሁ። ይሄን በመጻፌ የሚቀየሙኝ ወዳጆች አሉ፣ አውቃለሁ።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አዲስ አበባ ቆሟል። የአቡነ አብርሃምን ታሪክ ግን ደብረ ማርቆስ ተወልጄ አድጌ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የሰማሁት፣ እሱም ከመጽሐፍ። ለልጆቼ ሁለቱንም ነግሬያቸዋለሁ። ትንሿ «አባዬ፣ ሁለቱም መስቀል ይዘው ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት።